ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣውን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ አስተካክሎ ጉልበት መጨመር እንዴት ይቻላል?

ከአባይ ድልድይ ተነስቶ የደጀንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ 1.5 ወይም 1.6 ሊትር ኮሮላ ያለው ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጉልበቱ የት እንደሄደ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ 75 ያህል ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ማኒፎልድ፣ ማለትም አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ቧንቧ፣ ማስተካከል ከፍታው የወሰደውን አይመልስም። በጥንቃቄ ሲሠራ ከ2 እስከ 5 በመቶ ቢያስገኝ ጥሩ ሥራ ነው፤ በችኮላ ሲሠራ ግን ዳገት ላይ በጣም የሚያስፈልገውን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ባለሙያ ቢገጥማችሁ አትመኑት።

ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። መኪናው የኦቢዲ ሶኬት (የሞተሩ ኮምፒውተር የሚነበብበት መሰኪያ) እና የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ካለው ርካሽ ማንበቢያ በስልክ ይበቃል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ የሚታየው ቁጥር የአካባቢው የአየር ግፊት ነው፦ ባሕር ዳር ላይ 81፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ። ከዚያ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ በከፍተኛ ዙር ስትነዱ ሌላ ሰው ቁጥሩን ያንብብ። ልዩነቱ 2 ወይም 3 ከሆነ ከማኒፎልዱ በፊት ያለው መንገድ ክፍት ነው። 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የታፈነው ፊልትሮው፣ የአየር ቱቦው ወይም ትሮትሉ (በነዳጅ መርገጫው የሚከፈተው የአየር በር) ነው። መጀመሪያ እሱን አጽዱ፤ ብዙ መኪና እዚህ ላይ ይድናል።

የሚገባው አየር ሙቀትም ቀላል ነገር አይደለም። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ክብደቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የፊልትሮ ቤቱ አፍ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለውን ሙቅ አየር እንዳይስብ ወደ ፊት በኩል አውጡት። ፊልትሮውን አውልቆ መንዳት ወይም ክፍት የስፖርት ፊልትሮ መግጠም ግን በጎጃም የበጋ አቧራ ሞተር መግደል ነው። ጠጠር መንገድ ላይ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ የፒስቶን ቀለበትና ሲሊንደር ይበላል፤ የፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ ይሻላል።

አፈታቱ የታወቀ ነው። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቁ፤ የራዲያተሩን ውሃ ቀንሱ። ቫኪዩም ቱቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል ፍቱ። ማኒፎልዱ እንደወጣ የቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅና በፕላስተር ድፈኑ።

አሁን ዋናው ሥራ፦ የማኒፎልዱን አፍ ከቴስታታው አፍ ጋር ማገናኘት። ጉልበቱ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። አየሩ ከማኒፎልድ ወደ ቴስታታ ሲሻገር የቴስታታው ጠርዝ ወደ ውስጥ ወጥቶ ከጠበቀው ጎርፍ ድንጋይ ላይ እንደሚመታ ይመታበታል። የማኒፎልዱ አፍ ከቴስታታው በትንሹ ከጠበበ ግን ችግር የለም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ የሚመለሰውን የአየር ግፊት ይገታል። ስለዚህ ግባችሁ የማኒፎልዱ አፍ በዙሪያው ከቴስታታው አፍ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲጠብ ነው፤ እኩል ካደረጋችሁት ትንሽ ሲንሸራተት ደረጃ ይፈጥራል፤ ካሰፋችሁት ደግሞ ደረጃውን በእጃችሁ ሠራችሁት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጓርኒሲዮኑን (በሁለቱ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ማኒፎልዱ ላይ ለጥፎ በማርከር ያሰምርና ይፍቃል። ይህ አያስተማምንም። የጓርኒሲዮን የቡሎን ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። የሚሻለው ጠንካራ ካርቶን ላይ ቀዳዳዎቹን በቡሎኖቹ ልክ ጠበብ አድርጎ መብሳት፣ ቴስታታው ላይ አስገብቶ በጣት በመጫን የአፉን ጠርዝ ማተም፣ ከዚያ በስለታም ምላጭ መቁረጥ ነው። ካርቶኑን ወደ ማኒፎልዱ ስትወስዱት ደግሞ የማኒፎልዱም ቀዳዳ ከቡሎኑ ይሰፋል፤ ክፍተቱን ቡሎኑ ላይ ፕላስተር ጠምጥማችሁ ሙሉትና አማክሉ። የማኒፎልዱን ፊት በማርከር አጥቁራችሁ በመርፌ ጫፍ አስምሩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይረሳል። ማኒፎልዱ መልሶ ሲገጠም በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሲወርድ የተደከመበት ልኬት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ዳርና ዳር ያሉ ቀዳዳዎችን ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀጭን ቡሽ (የብረት ቀለበት) በማስገባት በቡሎኑ ልክ ማጥበብ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ያለሱ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል።

ለመፋቅ ዙሩ የሚቀነስ ዳይ ግራይንደር (በእጅ የሚያዝ ቀጭን መፋቂያ ማሽን) እና ለአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ የካርባይድ ጫፍ ያስፈልጋል። ለብረት የተሠራው ጫፍ በአሉሚኒየም ይደፈናል። ሰፊ ጥርስ ያለውም ቢሆን እየሞቀ ስለሚደፈን በየጥቂት ደቂቃው ጧፍ ላይ እያሽከረከራችሁ ሰም አስነኩት፤ ላምባም ይሠራል፣ ግን ፍንጣሪና ሽታ አለው። ከመስመሩ 0.5 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ጀምሩና ወደ ቧንቧው ውስጥ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጉ። ከግድግዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንሱ፤ አሉሚኒየሙ ብዙ ቦታ ላይ ቀጭን ነው። የውሃ መንገድ አጠገብ ከሆናችሁ በጠርዙና በውሃው ቀዳዳ መካከል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይቅር፤ ያ ከተበሳ ውሃ ሲሊንደር ይገባል። አራቱንም አፍ በካሊፐር ሦስት ሦስት ቦታ ለኩ፤ ልዩነታቸው ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፣ አለዚያ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው የተለየ ድርሻ ይወስዳል።

መጨረሻውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና አቁሙ። እንደ መስታወት ማብረቅረቅ አይን ይማርካል እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይማ ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ጠብታ ሆኖ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ማስፋት፣ ማሳጠር ወይም ትልቅ ትሮትል መግጠም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል። ለውድድር መኪና ይጠቅም ይሆናል፤ ሰው ጭኖ በ2,500 እና በ4,000 ዙር መካከል ዳገት ለሚወጣ መኪና ግን ረጅሙና ጠባቡ የፋብሪካው ቧንቧ ትክክለኛው ነው። የአየሩን ፍጥነት የሚጠብቅለት እሱ ነው።

እጥበቱን በቁም ነገር ያዙት። ጥቀርሻውንና ሰሙን በላምባ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ መጨረሻ በኮምፕሬሰር አጽዱ። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ የሚደበቀው በትልልቁ ቧንቧ ሳይሆን በቫኪዩም ቀዳዳዎች፣ በጭስ መመለሻው መንገድና በኢንጀክተር መቀመጫ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጠርጉ። የቀረችው አንዲት ቅንጣት ሞተሩ ሲነሳ ቫልቭ ሥር ወይም ፒስቶን ላይ ታርፋለች።

ከመግጠም በፊት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድማችሁ 0.10 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) የሚገባ ከሆነ ፊቱን አስተካክሉት። አዲስ ጓርኒሲዮን ግዴታ ነው፤ ወደ አየሩ መንገድ የሚወጣ ጠርዝ ካለው ቁረጡት። ሲሊኮን አትቀቡ። ከመሃል ወደ ዳር ሁለት ጊዜ እየተመላለሳችሁ አጥብቁ፤ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አሉሚኒየም ላይ በአብዛኛው ከ19 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይቅደም። ሞተሩን አስነስታችሁ መገናኛው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ርጩ። ዙሩ ከተለወጠ አየር ያስገባል።

ካርቡራተር ያለው መኪና በደብረ ማርቆስ ከፍታ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ የካንዴላው ጫፍ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሱ። ይህ ብቻውን ከማኒፎልዱ ሥራ የበለጠ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ኢንጀክሽን ያለው ደግሞ ግፊቱን እየለካ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሙሉ ጋዝ ላይ የተጻፈለትን ካርታ (የነዳጅ መጠን ሰንጠረዥ) ስለሚከተል ብዙ አየር ከጨመራችሁበት ነዳጅ ሊያንሰው ይችላል። ዳገት ላይ የማንኳኳት ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ጋዙን ቀንሱና የነዳጅ ግፊቱንና የኢንጀክተሮቹን ንጽሕና አስመርምሩ።

ውጤቱን የምትለኩት ገደል ዳር አይደለም። ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ጭነት፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር የሚፈጀውን ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና አማካዩን አወዳድሩ። ነዳጅ መርገጫውን እየረገጠ ሰዓት የሚይዝ ሰው አይኑር፤ ሰዓቱን አጠገቡ የተቀመጠው ይያዝ።