ራዲያተር ሲያፈስ፦ ከመንገድ ዳር እስከ ጋራዥ

«ትንሽ ነው የሚያፈሰው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ እጨምርለታለሁ» የሚል ሹፌር ብዙ ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተወው። የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ውሃ ብቻ ሳይሆን ግፊትም መያዝ አለበት። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪና ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ነው የሚሠራው። ታዲያ ውሃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዘው ነው። ጭል ጭል የምትል ስንጥቅ ግፊቱን ካስወጣችው፣ ውሃው ሳይጎድልም ሊፈላ ይችላል።

መንገድ ላይ ከያዘዎት

የሙቀት ጌጁ ከወትሮው ከፍ ሲል ኤሲውን ያጥፉ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ቢያልብዎትም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ከዚያ ዳር ይዘው ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። ዓባይ በረሃ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ከሆነ «ዳገቱን ልጨርሰው» አይበሉ። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የሚጣመመው እንደዚያ ሲባል ነው።

ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ክዳኑን በትኩሱ ፈጽሞ አይንኩ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። የላይኛውን የውሃ ጎማ በጨርቅ ጨበጥ ያድርጉት። ከጠነከረ ግፊት አለ፣ ይታገሱ። ከለሰለሰ ወፍራም ጨርቅ ደርበው ክዳኑን ትንሽ ብቻ ያዙሩትና የሚተነፍሰው እስኪያበቃ ይጠብቁ። ከዚያ ይክፈቱት። ውሃ ሲጨምሩም ቀስ እያሉ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ድንገት ሲገባ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከየት እንደሚያፈስ መፈለግ

ማታ መኪናው ሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት ጠብታው ቦታውን ይጠቁማል። ቀለም የሌለው ንጹህ ውሃ ከሆነ ምናልባት የኤሲ ነው። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ያንሸራትታል። ጠረኑ ጣፋጭ ነው፤ መርዝ ስለሆነ ግን ልጆችና ውሾች እንዳይቀምሱት ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት።

መጀመሪያ ርካሾቹን ይፈትሹ፦ ክዳኑንና ላስቲኩን፣ የላይና የታች ጎማዎችን፣ ፋሸታዎቹን (ጎማዎቹን የሚያስሩትን ቀለበቶች)፣ የታችኛውን ማፍሰሻ። ደርቆ የቀረ ነጭ ወይም ባለቀለም ዱካ ካዩ ቦታው እዚያ ነው። ካልተገኘ ጋራዥ ሄደው በግፊት መፈተሻ ያስፈትሹ። የመኪናው ውስጥ ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሊሆን ይችላል።

መጠገን

ፋሸታ ከላላ ያጥብቁ። ጎማው ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ከበቃ፣ የተሰነጠቀውን ቆርጠው መልሰው ማሰር ይችላሉ። ይህ ግን ቤትዎ እስኪደርሱ ነው። ክዳኑ ከደከመ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ተመሳሳይ የሆነ ይግዙ።

የራዲያተሩ አካል ከሆነ ዓይነቱን ይዩ። የድሮዎቹ የመዳብ ራዲያተሮች በብየዳ ይድናሉ። የአሁኖቹ አካላቸው አሉሚኒየም፣ ጭንቅላታቸው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ብዙ አይቆይም። እኔ መቀየሩን እመርጣለሁ።

ቁንዶ በርበሬ ወይም እንቁላል ጨምሩበት የሚል መካሪ አይጠፋም። አይስሙት። የሚያፈሰውን ከመድፈኑ በፊት ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎች ሊዘጋ ይችላል። በጣሳ የሚሸጠው ማፍሰስ ማቆሚያም ቢሆን ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው።

መሙላት

ኩላንቱ ያልተበጠበጠ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። የጉድጓድ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ደለልም ያስቀምጣል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ቀስ እያሉ ይሙሉ። ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን አስነስተው ማሞቂያውን ይክፈቱ። አየሩ አረፋ እየሆነ ይወጣል፤ ውሃው ዝቅ ሲል ይጨምሩ። አረፋው ሲያቆም ይዝጉና ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) መነሳቱን ይመልከቱ። በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ልኩን እንደገና ይዩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ውሃው እየጎደለ ከሄደ፣ ነጭ ጭስ ከበዛ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታው ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ መኪናውን አያስነሱት፤ በመጎተቻ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።