አሉማን ቀቅሎ መብላት

ክረምት ሲገባ በሐረር ጓሮዎችና በድሬዳዋ ዙሪያ እርሻዎች አሉማ የሚባለው፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ ተክል ሳይዘሩት ይበቅላል። ነቅላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህሉን፣ አበባ ሳያወጣ ቅጠፉት። ካበበ በኋላ ግንዱ ይጠነክራል።

ከጫት ማሳ ዳር ግን አትልቀሙ። ጫት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፣ ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። ከአስተናግርም ለዩት፤ እሱ መርዝ ነው፣ እዚያው ቆሻሻ መሬት ላይ ይበቅላል። የአስተናግር ቅጠል ሲታሽ ይከረፋል፣ አበባው ጡሩንባ መሰል፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። የአሉማ አበባ ደቃቅና እንደ ዛላ የተጠጋጋ ነው።

አራት እፍኝ ቅጠል በብዙ የፈላ ውሃ፣ ድስቱን ሳትከድኑ 5 ደቂቃ ቀቅሉና ውሃውን ድፉት። ለሆድ ድርቀት ብለው ውሃውን የሚጠጡ አሉ፤ ሆድ የሚያላላው አሰር ያለው ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። ውሃው ከቅጠሉ የሚያወጣው ኦክሳሌት የተባለውን ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው አይበጅም። ጨምቃችሁ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አቁላሉት።

ለደም ማነስ የሚበላው ብረት ስላለው ነው። ሎሚ ጭመቁበት፣ ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ሻይም ሆነ ሆጃ (ከቡና ገለባ የሚፈላ መጠጥ) ወዲያው አታስከትሉ፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ብረቱን ይይዙታል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የሚበላውን መጠን ሐኪም ሳያማክር አይጨምር፣ አሉማ ቫይታሚን ኬ አለው።

የተረፈውን በድሬ ሙቀት አታሳድሩ፣ በተለይ ለሕፃን አትስጡ።