የጠፉ የኪሜራ ዓሦችን በጥርስ ሰሌዳቸው መለየት

ኪሜራ የሚባሉት የባሕር ዓሦች የሻርክ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። አጽማቸው ልም አጥንት በመሆኑ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በማዕድን የጠነከረው የጥርስ ሰሌዳቸው ብቻ ነው። የጅማ ዙሪያ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለሆነ የባሕር ዓሣ ቅሪት በእርሱ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ጁራሲክ በሚባለው ጥንታዊ የምድር ዘመን የነበረው ባሕር ያስቀረው የኖራ ድንጋይ በአባይ ሸለቆና በትግራይ ይታያል። እዚህ ጅማ መለማመድ የሚቻለው በቅጂና በጥሩ ፎቶግራፍ ነው፤ እኔ ተማሪዎቼን ስድስቱንም ሰሌዳዎች ከሸክላ ጭቃ አስቀርጻቸዋለሁ።

ስድስት የምልበት ምክንያት አለኝ። በላይ በኩል ከፊት ሁለት ትንንሽ ወፍራም ሰሌዳዎች፣ ከእነርሱ ኋላ ሁለት የላንቃ ሰሌዳዎች፣ በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ፊታቸው እንደ ምንቃር የሾለ ሁለት ትልልቅ ሰሌዳዎች አሉ። በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ስም አይሂዱ፤ ያየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በዚህ ችኮላ ነው።

ቀጥሎ ጎኑን ይወስኑ። የታችኛውን ሰሌዳ የሚፈጭበትን ገጽ ወደ ላይ፣ ሹል ጫፉን ከእርስዎ ወዲያ አድርገው ሲይዙት ከጓደኛው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በግራዎ ከሆነ ሰሌዳው የቀኝ ነው። የላንቃውን በዚሁ አኳኋን ሲይዙት ግን ከላይ የነበረው ስለተገለበጠ ውሳኔውም ይገለበጣል፤ የውስጥ ጠርዙ በግራዎ ከሆነ ሰሌዳው የግራ ነው።

ዋናው መለያ ትሪተር የሚባለው፣ ከዙሪያው ይበልጥ የጠነከረና ነጠብጣብ የበዛበት ሻካራ ንጣፍ ነው። ዓሣው ዛጎል ሲደቅ ለስላሳው ክፍል ቀድሞ ስለሚበላ ትሪተሩ ጎልቶ ይቀራል፤ የቤታችን ወፍጮ ሲለሰልስ መወቀር ያስፈልገዋል፣ ይህኛው ግን ራሱን በራሱ ይወቅራል። ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርገው በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይቁጠሯቸው። በላንቃው ሰሌዳ ላይ አራት ትሪተር ካለ ኢስኪዮደስ የሚባለውን፣ ሦስት ካለ ደግሞ ኤዳፎደን የሚባለውን የጠፋ የኪሜራ ወገን ያስቡ። የመጀመሪያውን ፊሊፕ ኤገርተን እ.ኤ.አ. በ1843፣ ሁለተኛውን ዊልያም በክላንድ በ1838 ሰይመዋቸዋል። የተገኘበት ንብርብር ዕድሜም ይረዳል፤ ኢስኪዮደስ ከመካከለኛው ጁራሲክ ጀምሮ ይገኛል፣ ኤዳፎደን ግን ጁራሲክን የተከተለው የክሬቴሺየስና ከዚያ ወዲህ ያሉ ዘመናት ዓሣ ነው።

ሰሌዳው እንደ ሻርክ ጥርስ አይረግፍም፤ ዕድሜ ልክ ከኋላ እያደገ ከፊት ያልቃል። ስለዚህ የትሪተር ስፋት ከዓሣው ዕድሜና ከመበላቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ከስፋቱ ይልቅ ብዛቱንና አቀማመጡን ይመኑ። ስብራት ካለ የተሰበረውን ገጽ ይመልከቱ፤ ላይ ገና ያልወጣ ትሪተር እዚያ ይታያል። ሰሌዳው ክፉኛ ያለቀ ከሆነ «ኪሜራ፣ የቀኝ ላንቃ» ብሎ መጻፍ በግምት ስም ከመስጠት የበለጠ ዋጋ አለው።

ከሸክላማ ንብርብር የወጣ እውነተኛ ቅሪት ከደረሰዎ በውኃ አይጠቡት። ፒራይት የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችልና ይህም በእርጥበት ስለሚፈራርስ፣ በተለይ በጅማ ክረምት፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በጥብቅ በሚዘጋ ሣጥን ያኑሩት።