ኒውትሮኑ 18.5 ሲመጣ፦ የአይሶቶፕ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። አይሶቶፕ ላይ፣ ማለትም የፕሮቶን ቁጥራቸው አንድ ሆኖ የኒውትሮን ቁጥራቸው የሚለያይ አቶሞች ላይ ስንደርስ የሚመጡት ስህተቶች በየዓመቱ ያው ናቸው። ፕሮቶንና ኒውትሮን ምን እንደሆኑ ስለምታውቁ በቀጥታ ወደ ስህተቶቹ ልግባ።

ኒውትሮኑ ኔጋቲቭ ከወጣ

ቁጥሮቹን ገልብጣችኋል ማለት ነው። ኒውትሮን የሚገኘው ከማስ ነምበር (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) ላይ አቶሚክ ነምበር (የፕሮቶን ብዛት) ሲቀነስ ነው። አይሶቶፕ ሲጻፍ ማስ ነምበር ከላይ፣ አቶሚክ ነምበር ከታች ይሆናል። ብዙ ፔሪዮዲክ ቴብሎች (የኤለመንቶች ሰንጠረዥ ያለባቸው ቻርቶች) ላይ ግን አቶሚክ ነምበሩ ከላይ ነው። ስለዚህ ቦታውን አትመኑ፤ መጠኑን እዩ። ትልቁ ማስ ነምበር ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ኒውትሮን የሌለው ሃይድሮጅን 1 ላይ ብቻ ነው።

ኒውትሮኑ በነጥብ ከወጣ

በጣም ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ተማሪው ቴብሉ ላይ ክሎሪንን ያገኛል፤ ከ35.5 ላይ 17 ይቀንስና 18.5 ብሎ ይጽፋል። ግማሽ ኒውትሮን የሚባል ነገር የለም!

35.5 ማስ ነምበር አይደለም፤ አማካይ ነው። በተፈጥሮ ካሉት የክሎሪን አቶሞች ከመቶው 76 ያህሉ ክሎሪን 35 ናቸው፤ 24 ያህሉ ደግሞ ክሎሪን 37። 35.5 የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም።

ከዚህ የባሰው አማካዩን አጠጋግቶ መሥራት ነው። አንዱ ተማሪዬ ብሮሚን ላይ ከ80 ላይ 35 ቀንሶ 45 ኒውትሮን አለኝ። ነጥብ ስለሌለው ልክ ይመስላል። ግን ብሮሚን 80 በተፈጥሮ የለም፤ በላብራቶሪ ቢሠራም በ18 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ኤለመንት ይለወጣል። በተፈጥሮ ያሉት 79 እና 81 ናቸው፤ ኒውትሮናቸውም 44 እና 46። ይህንን ስነግረው «ቲቸር፣ ቻርቱ ላይ 80 ይላል እኮ» አለኝ። ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። እውነትም 79.9ን አጠጋግተው 80 ብለው አትመውታል። ልጁ ምን ያድርግ? ለተማሪ የሚሸጥ ቻርት እንዲህ ሲታተም በጣም ያናድደኛል።

ፎቶ ኮፒውም ሌላ ጣጣ ነው። ኮፒው በኮፒ ላይ ሲባዛ ነጥቡ ይጠፋል። አንዲት ተማሪ ክሎሪን 355 ከሚል ወረቀት ላይ 17 ቀንሳ 338 ኒውትሮን ጽፋ መጥታለች። ስሌቷ ልክ ነው፤ ያሳሳታት ወረቀቱ ነው። ቻርት ስትገዙ መጀመሪያ ክሎሪንን እዩ። 35.5 ወይም 35.45 ካላለ መልሱት።

መፍትሄው፦ ከፔሪዮዲክ ቴብል አቶሚክ ነምበርን ብቻ ውሰዱ። ማስ ነምበር የሚገኘው ከጥያቄው ነው። «ክሎሪን 37» ካለ ማስ ነምበሩ 37 ነው፤ 17 ሲቀነስለት 20 ኒውትሮን። እኔ ጋ የሚያጠኑ ልጆች ቻርታቸው ላይ ነጥብ ያለውን ቁጥር በእርሳስ በስሱ ይሰርዙታል። የአቶሚክ ማስ (የአማካዩ ክብደት) ስሌት ላይ ስንደርስ የእርሳሱን መስመር በላጲስ ያጠፉታል። ጥያቄው ማስ ነምበርም ኒውትሮንም ካልሰጠ አይሶቶፑን መለየት አይቻልም። እባካችሁ ቁጥር አትፍጠሩ።

ማስ ነምበሩ አንድ ስለሆነ «አይሶቶፕ ናቸው» ካላችሁ

ፖታሲየም 40 እና አርጎን 40 አይሶቶፕ አይደሉም። አንዱ 19፣ ሌላው 18 ፕሮቶን አለው። ማስ ነምበራቸው እኩል፣ ኤለመንታቸው ግን የተለያየ ስለሆነ አይሶባር ይባላሉ። ይህንን የማስረዳው ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ብሔራዊ ሙዚየም ባለችው በሉሲ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው ሐዳር ላይ በተገኘ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለው አርጎን 40 ነው። አርጎኑ የመጣው ከፖታሲየም 40 ነው። አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ሲለወጥ ድምሩ 40 እንደሆነ ይቀራል፤ ኤለመንቱ ግን ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ አቶሚክ ነምበሩን አወዳድሩ። ከተለያየ እዚያው አቁሙ።

ቻርጅ ካለው

ቻርጅ የሌለው አቶም ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ ጋር እኩል ነው፤ ቻርጅ ሲኖረው የሚለወጠው ኤሌክትሮኑ ብቻ ነው። ኔጋቲቭ አንድ ቻርጅ ያለው ክሎሪን 37 ፕሮቶኑ 17፣ ኒውትሮኑ 20፣ ኤሌክትሮኑ 18 ነው።