ጎልፍ ጂቲአይ አዳማ ላይ፦ እቃው ከየት ይገኛል፣ ገንዘቡ የት ይሄዳል

ስድስተኛው ትውልድ የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦው፣ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው። እኔ አዳማ ላይ ይዤዋለሁ። በፍጥነት መንገዱ ሞጆን ሲያልፍ መሪው እጅ ውስጥ እንዴት ጠንከር እንደሚል የቀመሰ ሰው ሌላ መኪና አያጓጓውም። ግን ቪትዝ አይደለም። ቪትዝ ዛሬ ቢቆም ነገ ይነሳል። ጂቲአይ ላይ ከእቃው ዋጋ በላይ የሚጎዳው ጥበቃው ነው። አንዲት ላስቲክ ከዱባይ እስክትመጣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ ባትሪው ይሞታል፣ እናንተም በባጃጅ ትመላለሳላችሁ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መኪናው ደህና እያለ ነው።

መጀመሪያ ሻንሲ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ግርጌ ይታያል፣ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ቀጥሎ ከኋላ የእቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሱና ስኮርታው አካባቢ የተለጠፈውን ነጭ ወረቀት ፈልጉ። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የፍሬኑ ኮድ ሁሉ እሱ ላይ አለ። እሱንም ፎቶ አንሱ።

ይሄን የተማርኩት በፍሬን ሸራ ነው። የፊቱን ልገዛ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ባለሱቁ የድሮውን ተቀበለኝ፣ ከመደርደሪያ አንድ አወረደ፣ ጎን ለጎን አድርጎ «እሱ ራሱ ነው» አለኝ። ለአይን እውነትም እሱ ራሱ ነው። አዳማ ተመልሼ መካኒኩ ካሊፐሩ ውስጥ ሊያስገባው ሲል ግን ጆሮው ላይ ሁለት ሚሊ ተረፈ። በሞላ እንፍጨው አለኝ። እምቢ አልኩ፣ ፍሬን ላይ አይቀለድም። 85 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እቃ በአይን ገዝቼ አላውቅም፣ በቁጥር ነው የምገዛው።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። የዚህ ሞተር ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) 06ኤች 905 115 ነው። መጀመሪያ ያለው 06ኤች የሞተሩን ቤተሰብ ይነግራችኋል። መጨረሻ ላይ የምትጨመረው ፊደል ደግሞ ፋብሪካው እቃውን ስንተኛ ጊዜ እንዳሻሻለው ታሳያለች፣ ኋላ የመጣችው ፊደል ብዙ ጊዜ የተሻለችዋ ናት። ይሄ ሞተር ፓሳት፣ ቲጓን፣ ኦዲ ኤ3፣ ስኮዳ ኦክታቪያ ላይም ተገጥሟል። ሱቅ ስትገቡ «የጂቲአይ ኮይል አለ?» ካላችሁ ወይ የለም ትባላላችሁ ወይ ዋጋው ይሰቀላል። ቁጥሩን አሳዩና የፓሳት ጠይቁ።

አዳማ ላይ ምን ይገኛል? የሞተር ዘይት፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ አምፖል፣ የኤሲ ጋዝ፣ ዕድል ካላችሁ የዘይት ፊልትሮ። ሶማሌ ተራ ደግሞ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ፍሬን ሸራ፣ የእግር ላስቲኮች፣ ተፈቶ የሚሸጥ የአካል እቃ። ቴንሽነር (ካቴናውን የሚወጥረው)፣ የውሃ ፓምፕ፣ የዲኤስጂ (የአውቶማቲክ ካምቢዮው) ዘይትና ፊልትሮ፣ ሴንሰር ከሆነ ወደ ዱባይና ሻርጃ ማየት ነው፣ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ። ለሚያመጣላችሁ ሰው ፎቶ ብቻ አትላኩ፣ ሻንሲ ቁጥሩንም የእቃውን ቁጥርም በጽሑፍ ላኩለት። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ተፈቶ የሚሸጥ መኪናም እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ዛሬ ያገኛችሁትን ደህና እቃ ለነገ አታሳድሩት።

የእቃ ዋጋ ማስታወሻ ስትይዙ በብር አትጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ በብር የያዝኩት ማስታወሻ በሙሉ ዋጋ አጣ። አሁን ዝርዝሬ በድርሃም ነው። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፣ እሱ አይንቀሳቀስም። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ከመኪናው ዋጋ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው ዓመት አስቀምጡ። ያ ገንዘብ ከሌላችሁ መኪናውን አትግዙ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው። አንደኛው የታይሚንግ ካቴናው ቴንሽነር ነው። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠሩት ላይ የነበረው ቴንሽነር ድክመት አለበት። መያዣው ሲለቅ ካቴናው ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ያልቃል። ምልክቱን ለመስማት ጠዋት መኪናው ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ያስነሳ፣ እናንተ በቺንጋው በኩል ቁሙ። ሰንሰለት ቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ከሰማችሁ አጥፉት። ወደ ጋራዥም አትንዱት፣ አስጎትቱት። የተሻሻለው ቴንሽነር 06ኬ 109 467 ኬ ነው። ካቴናውንና ካቴናው የሚሄድባቸውን ሐዲዶች አብራችሁ ቀይሩ፣ ሞተሩ ሁለቴ አይከፈትም። መካኒኩንም የታይሚንግ መቆለፊያ መሣሪያው እንዳለው ጠይቁት። በቀለም ምልክት አድርጌ እገጥመዋለሁ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛው ዲኤስጂ ካምቢዮው ነው። ባለ ስድስት ማርሹ በየ60,000 ኪሎ ሜትር ዘይትና ፊልትሮ ይፈልጋል፣ 5 ሊትር ገደማ የራሱ ዘይት። የተለመደ የአውቶማቲክ ዘይት አታስገቡበት። እዚህ ጋ የአዳማ ሙቀት ይገባል፦ የዘይቱ ልክ የሚታየው ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ከተማ ውስጥ ነድታችሁ ብትገቡ ዘይቱ ከዚያ በጣም ያለፈ ነው፣ ልኩም ይዋሻል። ማታ ጋራዡ አሳድሩት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሠራ። ሙቀቱን በኮምፒውተር እያነበበ የሚሠራ ሰው ይሁን።

ውሃ። ቴርሞስታቱና የውሃ ፓምፑ የተቀመጡበት ቤት ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ሞተሩ ጎን ሮዝ የደረቀ ጨው ካያችሁ እሱ ነው። የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ ራዲያተሩን ይደፍነዋል። በችግር ጊዜ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ፣ አሲዱን አይደለም) ጨምሩ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ኩላንት ሙሉ።

ኮይል ሲሞት ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ወዲያው አቁሙ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይቲኩን (የጭስ ማጽጃውን) ይጨርሳል። ኮዱ ሁለተኛውን ሲሊንደር ካለ የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩና ደግማችሁ አስነብቡ። ኮዱ ወደ ሦስተኛው ከሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልሄደ ካንዴላውን እዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ አራቱንም ኮይል በግምት ከመቀየር ያድናችኋል።

የሞተር ዘይት ፋብሪካው በ15,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ለአውሮፓ ነው። እኛ አቧራ አለን፣ ሙቀት አለን፣ የነዳጅ ሰልፍም አለ። በ5,000 ቀይሩ። ጣሳው ላይ ቪደብሊው 502 00 የሚል ጽሑፍ ይኑር። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ዲፕስቲኩን ሳቡ፣ ይሄ ሞተር ዘይት መጠጣት ያውቅበታል። የአየር ፊልትሮውን ወንጂ መስመር የምትመላለሱ ከሆነ ቶሎ ቶሎ እዩት።

ቤንዚን ላይ ምርጫ የለንም፣ ማደያው የሰጠንን ነው የምንቀዳው። የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተጻፈውን ኦክቴን አንብቡና ሞተሩ ጭነት ላይ ጠጠር እንደሚንኳኳበት ቢጮህ ጋዙን ልቀቁ። ጉልበት እንዲጨምር በኮምፒውተር ቺፕ እንሥራልህ የሚላችሁን እሺ አትበሉ። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦው አየሩ ስለሳሳ ቀድሞውኑ ከልኩ በላይ እየተሽከረከረ ነው።

ጎማ፦ ባለ 18 ቸርኬውን ሽጡት፣ በ17 ቀይሩት። 225/45 ይሆናል። ከ18ቱ ይልቅ ጉድጓድ ይችላል፣ ጎሚስታውም ብዙ አያያችሁም።

እኔ ቤት አልጋ ስር አንድ ካርቶን አለ። አንድ ኮይል፣ አራት ካንዴላ፣ ሁለት የዘይት ፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕ ከነቤቱ፣ አንድ ጋሎን ኩላንት። ክዳኑ ላይ የእያንዳንዱን ቁጥርና የተገዛበትን ቀን በማርከር ጽፌአለሁ። አንድ ነገር ባወጣሁ ቁጥር እሱኑ መልሼ አዛለሁ፣ መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ።