የፖሊስ ቅጥር ውጤታችሁን በጽሑፍ ለመጠየቅ

ጅማ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካና አንድ ትልቅ ጃንጥላ አለኝ። የፖሊስ ምልመላ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ደንበኛ ይበዛል። "ስሜ የለም፣ ለምን?" የሚል ወጣት ይመጣል፤ ከኋላው እናቱ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ዝናብ እየወረደባቸው መጡ። የልጃቸውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ስር ይዘዋል።

"ያለፉትን ልጆች ስም ከነውጤታቸው፣ ከነሕክምናቸው ይስጡን ብለህ ጻፍልኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ይሄን ከጻፍኩማ ለእምቢታ ሰበብ ሰጠናቸው" አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መረጃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ አለ። ዝርዝሩ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃንንና የመረጃን ጉዳይ አንድ ላይ ይዞ በወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ተቀምጧል። በ2013 የሚዲያ አዋጅ ሲወጣ የተተካው የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል ነው፤ የመረጃው ክፍል እንዳለ ቀጥሏል። "ያማ ተሽሯል" ቢሏችሁ አትደንግጡ። ግን ይኸው አዋጅ የሌላን ሰው የግል መረጃም ይጠብቃል። የጎረቤት ልጅ ደም ግፊት ስንት እንደሆነ አይነግሯችሁም፣ ልክም ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለዩት። መስፈርቱን፣ ለየፈተናው የተያዘውን ነጥብ፣ ስንት ሰው ተመዝግቦ ስንቱ እንዳለፈ፣ የራሳችሁን ውጤት ጠይቁ። ለእትዬ ልጅ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

"በወጣው የምልመላ ማስታወቂያ መሠረት ተወዳድሬ በተለጠፈው ዝርዝር ስሜ አልተገኘም። በሩጫ፣ በጽሑፍና በቃል ፈተና ያገኘሁት ነጥብ፣ እንዲሁም የማለፊያው ነጥብ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እጠይቃለሁ።"

አለቀ። በገጽ ስለማስከፍል ቢረዝም የሚጠቅመው እኔን ነበር! የፈረመው ልጁ ራሱ ነው፣ ውጤቱ የእሱ ነዋ። "በዘመድ ነው የገቡት" የሚል መስመር እናትየው ሦስቴ አስገባልኝ ብለውኛል፤ ሦስቴም እምቢ አልኩ። እሱ ጥቆማ ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው።

እዚህ የከተማውና የክልሉ ቢሮ ሥራ በኦሮምኛ ነው። "አስተርጉማችሁ አምጡ" ተብላችሁ ሳምንት ከምታጡ መጀመሪያውኑ በኦሮምኛ አጽፉት።

ማስታወቂያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሌላ ወረቀት ሳይለጠፍበት። አናቱ ላይ ያለውን ስም አንብቡ፦ የከተማው ፖሊስ ነው፣ የኦሮሚያ ነው ወይስ የፌዴራል? ማመልከቻው የሚገባው ላወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ሰው የሚደክመው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

አሁን ዋናው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል። በሌላው ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁት ውጡ። አንድ ደንበኛዬ አንድ ቢሮ "አስቀምጠው፣ እናየዋለን" ሲሉት አስቀምጦ ወጣ። ከወር በኋላ ሲመለስ "እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልገባም"። ምን ይዞ ይከራከር? ድካሙ እንደገና ከዜሮ። ስለዚህ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል ቢባል እንኳ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ነው። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላቸው። ቀኑን የምትቆጥሩት ማኅተሙ ላይ ካለው ነው። የኮፒ ወጪ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻ ለፍርድ ቤት አቤት ትላላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

የእትዬ ልጅ መልስ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ግማሽ ገጽ ነው። የሩጫውና የጽሑፉ ነጥብ አለ፣ ሁለቱንም አልፏል። የቃል ፈተናው ቦታ ባዶ ነው። እትዬ ጣታቸውን ባዶው ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ። አዲስ ወረቀት አወጣሁና "ለበላይ ኃላፊ" ብዬ ጀመርኩ።