የሰብአዊ መብት ኤልኤልኤም ሲመርጡ፦ መጀመሪያ የኮርስ ዝርዝሩን ይክፈቱ

«ማስተርስ በሰብአዊ መብት» የሚለው ስም ሁለት የማይመሳሰሉ ዲግሪዎችን ይሸፍናል። ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ፍርድ ማንበብ፣ ስምምነት መተርጎም፣ አቤቱታ መጻፍ ላይ ያተኩራል። ኤምኤ ወይም ኤምፊል የሚባለው ደግሞ ከፖለቲካል ሳይንስ፣ ከሶሺዮሎጂ ወይም ከጋዜጠኝነት የመጡትንም ይቀበላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማእከል ኤምኤ፣ የኦስሎ የሁለት ዓመት ኤምፊል፣ በቬኒስ ሊዶ ደሴት የሚጀመረው የአውሮፓ ማስተርስ ከዚህ ወገን ናቸው። መጥፎ ዲግሪዎች አይደሉም። ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) የሌለው ሰው ግን በእነዚህ ጠበቃ እሆናለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ፤ የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚጠይቀው የሕግ ዲግሪ ነው።

የሕግ ምሩቅ ከሆኑ ቀጣዩ ጥያቄ «ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው?» መሆን የለበትም። «ነገ ጉዳይ ስይዝ አቤቱታዬን የት አቀርባለሁ?» ብለው ይጀምሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን በ1993 ተቀብላለች፤ ግለሰብ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እንዲያመለክት የሚፈቅደውን አማራጭ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። የአሩሻውን የአፍሪካ ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮልም አላጸደቀችም። የአፍሪካ ቻርተርን በ1998 ስለተቀበለች ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ ኮሚሽን በር ክፍት ነው፤ ለሕፃናት ጉዳይ ደግሞ የአፍሪካ የሕፃናት ኮሚቴ አለ። እንግዲህ ከአገር ቤት ሆኖ ጉዳይ ለመያዝ ያሰበ ሰው ዓመቱን ሙሉ የስትራስቡርግን፣ ማለትም የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትን ፍርዶች ሲያነብ ቢከርም፣ በስተመጨረሻ የሚያስፈልገው የባንጁል ሥነ ሥርዓት ነው። አውሮፓ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳይ ለሚይዝ ግን ያው የስትራስቡርግ ትምህርት እንጀራው ነው።

አሁን የኮርስ ዝርዝሩን ይክፈቱና እርሳስ ይያዙ። በአውሮፓ አንድ ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይይዛል። ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፉ 20 ክሬዲት፣ የግዴታ ኮርሶቹ 20 ክሬዲት ቢወስዱ የሚተርፈው 20 ነው። እያንዳንዱ ምርጫ ኮርስ 5 ክሬዲት ከሆነ አራት ኮርስ ይመርጣሉ ማለት ነው፤ ከአራት አይበልጥም። ድረ ገጹ ላይ ሠላሳ ምርጫ ኮርስ መደርደሩ አያስደስትዎ፤ መምህሩ ለምርምር እረፍት ከወጣ ወይም ተማሪ ካነሰ ኮርሱ በዚያ ዓመት አይከፈትም። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ በኢሜይል «ከእነዚህ ውስጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሰጡት የትኞቹ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ የግዴታ ኮርሱን ሲላበስ (የየሳምንቱን የትምህርት ዝርዝር) ያስልኩ። ከአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለአፍሪካ ሥርዓት የተመደበው አንድ ሳምንት ከሆነ፣ ያውም «አህጉራዊ ሥርዓቶች» በሚል ከአሜሪካ አህጉራት ሥርዓት ጋር ተጨፍልቆ ከሆነ፣ መልሱን አግኝተዋል።

በዚህ መለኪያ ለኢትዮጵያዊ የሕግ ምሩቅ ቀድሞ የሚታየው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሰብአዊ መብቶችና ዴሞክራታይዜሽን በአፍሪካ ኤልኤልኤሙ የተጀመረው በ2000 ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ፕሪቶሪያ ውስጥ ያልፋል፤ በሁለተኛው ተማሪዎች በአህጉሩ ወዳሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ተበትነው ጽሑፋቸውን እዚያ ይሠራሉ። የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ፉክክሩ ከባድ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው በጥር አካባቢ ነው፤ እንደ አውሮፓው መስከረምን ሲጠብቁ ማመልከቻው ያመልጥዎታል።

የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ 120 ክሬዲት፣ ሁለት ዓመት ነው፤ የሰብአዊ መብት ምርምር ከሚሠራው ከራውል ዋለንበርግ ተቋም ጋር ጎረቤት መሆኑና ለጽሑፍ ሰፊ ጊዜ መስጠቱ ለማስተማር ወይም ለዶክትሬት ላሰበ ይመቻል። የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማእከሉን ያቋቋመው በ1982 ነው፤ በአንድ ዓመት ተጠናቅቆ የተግባር ሥራም ለሚፈልግ ይሆናል። ከጦር ግጭት ሕግ ጋር አጣምሮ መማር የሚፈልግ የጄኔቫ አካዳሚን ይመልከት። ሥራ ሳይለቅ መማር ለሚሻ ደግሞ የኦክስፎርድ የትርፍ ጊዜ ማስተርስ አለ፤ አብዛኛው በርቀት ሆኖ በሁለት ክረምት በአካል መገኘት ይጠይቃል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖች አንድ ነገር ቀድመው ያጣሩ። የኒው ዮርክ የጥብቅና ፈተና ላይ ለመቀመጥ ኤልኤልኤሙ ቢያንስ 24 ክሬዲት በአካል የተወሰደ መሆን አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 2 በሙያ ሥነ ምግባር፣ 2 በሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2 በአሜሪካ የሕግ ሥርዓት፣ 6 ደግሞ ፈተናው በሚሸፍናቸው ትምህርቶች። ይህ 12 ክሬዲት ነው። ግማሹ ፕሮግራም ከሰብአዊ መብት ውጭ ሄደ ማለት ነው፤ የፈተናውን መስፈርትም የሰብአዊ መብት ትምህርቱንም በአንድ ዓመት እጨርሳለሁ የሚል ሰው መጨረሻ ላይ አንዱን ይጥላል። ተማሪዎች እውነተኛ ጉዳይ ስለሚይዙበት የሕግ ክሊኒክም ይጠይቁ፤ የጄዲ (የአሜሪካ መደበኛ የሕግ ዲግሪ) ተማሪዎች ቅድሚያ የሚያገኙበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቺቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ለእንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት ትምህርት ይከፍላል፤ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም አገር ተመልሰው ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የማመልከቻ ጊዜው ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አካባቢ ነው፤ ሦስት ፕሮግራም ያስመርጣል። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ይዘት ይምረጡ፤ አንዱ ሰብአዊ መብት፣ አንዱ የንግድ ሕግ ከሆነ ፈታኙ ዓላማዎን ያጣዋል። «ኖርዌይ ነፃ ነው» የሚለው የቆየ ምክር ከ2023 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ አይሠራም። ስዊድንም ታስከፍላለች፤ ለማመልከት ብቻ 900 ክሮና ይጠየቃሉ፣ ጊዜው የሚዘጋው በጥር አጋማሽ ነው። አገር ውስጥ ለሚማሩ ደግሞ ከምንም በፊት የብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ኤንጋትን፣ ማለፍ ይቀድማል።

ወረቀት የሚያዘገየው ከሁሉ በላይ ሬጅስትራር ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳዎ ሳይጣራ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላይለቀቅ ይችላል፤ ስቱደንት ኮፒ ለብዙዎቹ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አይበቃም። ማመልከቻው ከመዘጋቱ ሦስት ወር በፊት ይጀምሩ። በዚያው ጉዞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ያስጽፉ፤ አንዳንድ ቦታ ከአይኤልትስ (ከእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ነፃ ያደርጋል። አይኤልትስ የሚወስዱ ከሆነ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። ስምዎንም በፊደል በፊደል ያስተያዩ፦ ፓስፖርቱ ላይ ጸጋዬ በ«ቲ ኤስ» ተጽፎ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ቲ» ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ያስወጡና ከማመልከቻው ጋር አብረው ይስቀሉ።